ፉጨቱ

«ነዳጅ ስጠው!» ይላል ባለጋራዡ። መሪው ላይ የተቀመጠው ቀለም ቀቢ ይረግጣል። መኪናዋ አንዴ ታጓራና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ በረኛው እንኳ ደጅ ሆኖ ሰምቶታል።

ሞተሩ ላይ ያጎነበሱት ሽማግሌ ብቻ አልሰሙትም።

ጋሽ ጆሮ ነው የሚሏቸው። መኪና ገና ከመንገድ ሲታጠፍ፣ በድምፁ ብቻ ሕመሙን ያውቁ ነበር። ባለጋራዡን ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ያባረሩትም እሳቸው። «ይሄ ጆሮህ ለጉትቻ እንኳ አይሆንም» ብለው፣ ቱታውን አስወልቀው፣ በሰው ፊት። ዛሬ ቀን ጥሏቸው፣ የራሳቸው ጋራዥ ተዘግቶ፣ ሥራ ፍለጋ ደጁ መጥተዋል።

ባለጋራዡ ሰሞኑን መንገድ ሲሻገሩ አይቷቸዋል። ከኋላቸው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲያንባርቅባቸው ዞር እንኳ አላሉም። ለማንም አልተናገረም። ዛሬ ሲመጡ ግን «እንዴ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እርስዎን የምፈትነው? ለወጉ ያህል አንዲት መኪና ይዩልኝ» አለና፣ እሳቸው ቱታ ሲቀይሩ፣ አየር የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ከሥሩ በምላጭ ሰነጠቀው።

ሞተር የሚስበው አየር በማጣሪያው አልፎ፣ በመለኪያው ተለክቶ ነው መግባት ያለበት፤ ነዳጁም የሚመጠንለት በዚያው ልክ ነው። ከመለኪያው ወዲያ ቀዳዳ ካለ ያልተለካ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ አቅም ያጣል። ጆሮ ያለው መካኒክ ግን ብዙ አይደክምም። ቀዳዳው ራሱ እዚህ ነኝ እያለ ያፏጫል።

ሽማግሌው ማጣሪያውን ያወጣሉ። ወደ ብርሃን ዘርግተው ያዩታል፤ ንጹሕ ነው። ይመልሱታል። ጣታቸው ቱቦው ላይ ያርፍና ከላይ ከላይ ይዳብሰዋል። ስንጥቁ ከሥር ነው። ሞተሩን አስጠፍተው ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ይፈታሉ፣ ያጸዳሉ፣ መልሰው ያስራሉ። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ፉጨቱም ይነሣል። ቀለም ቀቢው ከመኪናዋ ተቀብሎ አብሮ ያፏጫል። ጥግ የቆመው በያጅ አፉን በክንዱ ይዞ ይንፈቀፈቃል።

«ምን አገኙ ጋሼ?»

ቀና ብለው ፊቱን ያዩታል። «ካንዴላው ነው ልጄ። ጠቁሮ ነበር።»

«በቃ?»

«በቃ። ድናለች።»

ወደኋላ ራቅ ይላሉ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በደጉ ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ጋራዡ በሙሉ እስትንፋሱን ይውጥ ነበር።

ባለጋራዡ በጣቱ ለቀለም ቀቢው ምልክት ይሰጠዋል። ቁልፉ ይዞራል። ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ፉጨቱም አብሮ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ራሳቸውን በእርካታ ይነቀንቃሉ። «ስማ!» ይላሉ ጮክ ብለው። «ስማ እንግዲህ! አሁን እንዴት ሸጋ አድርጋ እንደምትተነፍስ!»

በያጁ ክንዱን ከአፉ ላይ ያወርዳል። ባለጋራዡ ሳቅ ይጠብቃል። ሳቅ አይመጣም። ቀለም ቀቢው እጁን ከቁልፉ ላይ እንደተቃጠለ ሰው ይሰበስባል። ይሄ ባለጋራዡን ያናድደዋል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ይገልጣሉ። «እንግዲህ ነገ በጠዋት ልግባ?» ይላሉ ፈገግ ብለው፣ ፊቱ ላይ አፍጥጠው።

ባለጋራዡ ያኔ ነው ልብ የሚለው፤ ከመጡ ጀምሮ የሚያዩት ዓይኑን አይደለም፣ ከንፈሩን ነው።

ጀርባውን ይሰጣቸዋል። «አይምጡ ጋሼ» ይላል ለግድግዳው፣ ቀስ ብሎ፤ መፍቻዎቹንም አንድ በአንድ በየመስቀያቸው መስቀል ይጀምራል።

ሽማግሌው ጨርቁን አጣጥፈው በእጃቸው ይዘው፣ እስኪዞር ይጠብቃሉ።