ምሳ በወይዘሮ እልፍነሽ ቤት

በአዲሱ ሕግ፣ በሬዲዮ የተናገረው ትንበያ ያልሠመረለት ባለሙያ፣ ቃሉን አምኖ የተጎዳ ሰው ቤት ሄዶ ምሳ ይበላል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ዶክተር ይርጋለም "የፋብሪካ ወተት መጥቷል፤ ላሞቻችሁን ሽጡ" ብሎ ነበር። ፋብሪካው በዓመቱ ተዘጋ።

ዕጣ አውጪው ማሽን ሱሉልታ፣ ቃሉን ሰምተው ላማቸውን የሸጡት ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት መደበው። ይቅርታውን መንገድ ላይ ሲያጠና ነው የመጣው። ግቢ ገብቶ የላሟ ገመድ የልብስ ማስጫ ሆኖ ሲያይ ግን ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

ስድብ ሲጠብቅ እጁን አስታጠቡት፤ ከዶሮ ወጡም ፈረሰኛውን አወጡለት።

"እማማ፣ ያ የላሟ ነገር..." አለ አቀርቅሮ።

"ተዉት እሱን፣ እግዜር ያመጣው ነው" አሉና ወደ እሱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መቼም እርስዎ ያውቃሉ፤ የቀሩትን ዶሮዎችስ ልሽጣቸው?"