የአጣቢዋ ቁልፍ

አጣቢዋን የበደላት ቀበቶ ነው። ቀበቶ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ከሆዱ በታች የሚያብረቀርቀው ዘለበት ከእሱ ቀድሞ ስብሰባ ስለሚገባ ሁሉም ቀበቶ ይለዋል።

ማኅበሩ የክሪፕቶ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ፣ ማኅበር ነው። ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ጫማ ሻጩ፣ አሮጊቷ ልብስ አጣቢ፣ ሁሉም ካላቸው ላይ እየቆነጠሩ አዋጥተዋል። ገንዘቡ ባንክ አልገባም፣ ካዝና ውስጥም አልተቆለፈም። ቁጥሩ በየሰዉ ስልክ ላይ ይታያል፤ የሚያዝበት ግን ቀበቶ ብቻ ነበር። አዘዘበትም። ለቢሮው የቆዳ ወንበር ገዛ። «ለጥናት» ብሎ ሆቴል ሰነበተ። «ለአማካሪ» የከፈለው ሲጣራ፣ አማካሪው የሚስቱ ወንድም ሆኖ ተገኘ።

አባላቱ ተነሡበት። ከእንግዲህ ገንዘብ የሚወጣው ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲነኩ ነው ተባለ፤ አንዱ ቀበቶ ዘንድ፣ ሌላው አንድ የታመነ ሰው ዘንድ። ቁልፍ ሲባል የበር አይደለም፤ ክብሪት የምታክል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ሲነኳት አረንጓዴ መብራት ታበራለች።

ሾፌሩ ተነሥቶ አጣቢዋን ጠቆመ። «እማማ አርባ ዓመት የሰው ልብስ አጥበዋል። ከኪስ ያገኙትን ሳንቲም ሳይመልሱ ያደሩበት ቀን አለ? የሚያውቅ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። ቀበቶ ግን ሳቀ።

«ለልብስ አጣቢ? ሳሙና መስሏት ታሟሟዋለች» አለ።

አጣቢዋ ተነሣች። ፊደል የቆጠረችው ስሟን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ምላሷ ግን ትምህርት አልጎደለበትም።

«ልጄ፣» አለችው፣ «እናትህ በየጠዋቱ አንሶላህን ትልክልኝ የነበረበትን ዘመን እዚሁ ላውራው ወይስ ቁልፏን ታመጣለህ?»

ቁልፏን አመጣ።

ከቁልፏ ጋር አንድ ወረቀት መጣ። ቁልፏ ብትጠፋ ወይም ብትበላሽ የምትተካው ወረቀቱ ላይ በተጻፉት ቃላት ነው፤ ሌላ መላ የለም። ቀበቶ ወረቀቱ ቢሮዬ ይቀመጥ አለ።

«አንተ ቢሮ የገባ ነገር ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል?» አለችና ከሾፌሩ ክብሪት ተቀብላ በሁሉም ፊት አቃጠለችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነርሷ ብቻ፣ «እማማ፣ ቁልፏ የሆነ ነገር ብትሆንስ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ እጅ ላይ? አንቺ መርፌሽን ጠብቂ።»

ቁልፏን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ከላይ መታ መታ አድርጋት ወጣች። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከቀሚሷ ሥር ደበቀቻት።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት ሆነ። ቀበቶ ለመኪናው ጎማ ገንዘብ ጠየቀ። «አልነካም» አለች። ለሌላ ጥናት ጠየቀ። «ያለፈው ምን አስተማረህ?» አለችው። ነርሷ እንኳ የአዳራሹ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፣ ለእሱ ብቻ ብትላት፣ «ይህ ሰው ወንበሩ ላይ እያለ አምስት ሳንቲም አትወጣም። ዣንጥላ ያዙ» አለች። ዣንጥላ ያዙ።

ቀበቶ ቤቷ ድረስ ሄደ። ሬዲዮዋ ግድግዳውን እስኪያንቀጠቅጥ ይጮሃል። ቁልፏን አንድ ጊዜ ብቻ እንድታሳየው ለመናት።

«አንገቴን ቆርጠህ ውሰዳት» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ሾፌሩም መጣ፣ የመኪናው ሞተር ተቃጥሎበት። «የራሴን ድርሻ ብቻ፣ እማማ። ቀበቶም ተስማምቷል።»

አጣቢዋ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ከፍራሿ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የራሷን ገንዘብ አውጥታ እጁ ላይ አደረገች። «ይቺን ያዝና ልጆችህን አብላበት። የማኅበሩ ግን አይነካም።»

ሾፌሩ ይህን ያላወራበት ቦታ የለም። ሰፈሩ ኮራባት። በመንገድ ስታልፍ ሰው ይነሣላታል፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ስትገባ ወንበር ይለቀቅላታል። «ሬዲዮዬ ታሞብኝ ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ ይታመምባታል።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ቀበቶ የማያዝበት ወንበር መረረው። በስብሰባ መሐል ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ከእኚህ ሴትዮ ጋር አልችልም። ውሰዱት» አለ።

ነርሷ በቦታው ተተካች። ድምፅ ተሰጠ፤ ማኅበሩ ይፍረስ፣ የእያንዳንዱ ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለስ ተባለ። ነርሷና አጣቢዋ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱን ቁልፎች በአባላቱ ፊት ሊነኩ ተቀጠረ። ጫማ ሻጩ አለቀሰ። ሾፌሩ ለሞተሩ ሻጭ እዚያው ደወለ፤ «ነገ ከነገንዘቤ እመጣለሁ» አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአጣቢዋን ትከሻ ሳመ።

«እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህ ሰውዬ ራቁታችንን ያስቀረን ነበር።»

«ቀና በል፣ ወገብህን ትሰብረዋለህ» አለችው።

ቀበቶ ሲወጣ አጠገቧ ቆመ። ዘለበቱ ላይ ሸሚዙ ወርዶበታል። «ስለዚያ ስለ ሳሙናው…» አለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አላደርግም» አለች፤ እጇ አንገቷ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቆች ገና ሳይከፈቱ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን ከቤቱ ቀስቅሳ ክሩን ከአንገቷ አወለቀችና ጥቁሯን ዕቃ መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ «ያን ዕለት ቀሚሴን ከነቁልፏ ያጠብኩበት ሳሙና እኮ ያን ያህል ብዙ አልነበረም፤ እስቲ አንዴ ደግመህ ሞክራት» አለችው።