ስሙ ግጥም ውስጥ የገባ ወታደር

ትሮይን ከከበበው የግሪክ ጦር መካከል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአለቆቹን ፈረስ ሲያጥብ የኖረ አንድ ወታደር ነበር። የአለቆቹ ስም በየግብዣው ይዘፈናል፤ የእሱን ስም ግን ፈረሶቹ እንኳ አያውቁትም። ይሄ ቢያንገበግበው የንጉሡን አዝማሪ በአንድ እንስራ ወይን ጠጅ ደለለው።

«ወንድሜ፣ እባክህ አንዲት ስንኝ ውስጥ ሸጉጠኝ።»

አዝማሪው ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ ምሳ ላይ ክራሩን እየመታ የወታደሩን ስም ከነአባቱ ሲጠራ ወታደሩ በደስታ አንገቱን አሰገገ። አዝማሪው ቀጠለና፣ ይህ ጀግና ለንጉሡ ሲል ደረቱን ለጦር ሰጥቶ እንደ ወደቀ አንቆረቆረው። ንጉሡ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ለነፍሱ መሥዋዕት በሬ ታረደለት፤ ሥጋውም ለአማልክት እሳት ላይ ተጣለ።

ወታደሩ ሰዉን እየገፋ ወጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ አለሁ እኮ! ይኸው ቆሜያለሁ!»

ንጉሡ ወደ አዝማሪው ዞሩ። «ታዲያ ለምን ገደልከው?»

«ጌታዬ፣ ተራ ሰው ግጥም ውስጥ የሚገባው ሲሞት ነው። ከኖረማ ግጥሙ ይበላሻል።»

ንጉሡ እየተቃጠለ ያለውን ሥጋ አዩ፤ ወታደሩን አዩ። እንባቸው ገና ጉንጫቸው ላይ እንዳለ እጃቸውን ወደ ጠባቂያቸው ዘረጉ።

«እስቲ ያን ጦር አቀብለኝ።»