ጥርት ብሎ የወጣው ጥንብ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ውብአየሁ የካርታ አውሮፕላን ካሜራ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያነሳ ሊለካ ቆሰበር ሜዳ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት ሸራ ዘረጋ። ፎቶው ሲታጠብ ግን አውሮፕላኑ ስለተንቀጠቀጠ መስመሮቹ ተደበላልቀዋል። ጥርት ብሎ የወጣው ከሸራው አጠገብ የወደቀው የፈረስ ጥንብ ብቻ ነው፤ ሆዱ ላይ የሚርመሰመሰው ትል ሳይቀር ይታያል።

«እንዲህ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል የሚበር ነገር ብቻ ነው» አለው ፎቶ አንሺው ሽባባው።

«ጥንብ ይበራል እንዴ?» ብሎ ውብአየሁ ተቆጣና ያኔውኑ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጥንቡን አስቀበረው።

በማግስቱ ራቅ ብላ ያለችውን የጥሊሊን ከተማ ከአውሮፕላኑ ፎቶ አነሱ። ፎቶው ሲታጠብ ቤቱም ገበያውም ደብዝዟል። መሃሉ ላይ ጥንቡ ጥርት ብሎ፣ ከትናንቱ እጥፍ ገዝፎ፣ አፈር እንደለበሰ ተጋድሟል።