ካርታውን የሸፈነው ካላንደር

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳክቶ፣ ባለሐዘኑን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። የሶዌቶው እድር ይህን ሥርዓት ከአገር ቤት አምጥቶ ሃያ ዓመት ሳያጓድል ጠብቆታል። በኮሮናው ዓመት ግን መንግሥት ሰው እንዳይሰበሰብ ከለከለ፤ መርዶም መቆሚያ አጣ።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሽጉጤ ለባለሱቁ ለዱካሞ የደወሉለት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

«ሱቁን ዝጋና ተቀመጥ» አሉት። «የሸረፈዲን ልጅ፣ ጁነይድ፣ አርፏል። ለመጥለቅ ወርዶ ዋሻ ውስጥ ቀረ።»

«የእኔስ ልጅ?»

«ኖላዊ ኳራንቲን ገብቷል፤ ስልክ አይፈቅዱም። አሁን ስማኝ። ለሸረፈዲን ካንተ የሚቀርበው የለም። እስክንሰበሰብ ድረስ ከዓይንህ አታርቀው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ደም ብዛት አለበት።»

ዱካሞ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ወዲያውም በማመስገኑ አፈረ።

ጁነይድና ኖላዊ ጆሃንስበርግ ያደጉ ባልንጀራሞች ናቸው። ከከተማው ውጭ ውኃ በሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ መጥለቅ ተማሩ፤ በጥር ወር በማልታ አጠገብ ወዳለችው ወደ ጎዞ ደሴት ሄደው ቱሪስቶችን ከባሕር በታች ያስጎበኙ ጀመር። የሁለቱ አባቶች ሱቆች በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዱ በላይኛው፣ ሌላው በታችኛው ጫፍ ይገኛሉ።

በሸረፈዲን ሱቅ ግድግዳ ላይ ልጆቹ የላኩት የደሴቲቱ ካርታ ተለጥፎ ነበር። ሃያ ሦስት የመጥለቂያ ስፍራዎች በቁጥር ተመልክተውበታል። ልጆቹ አዲስ ስፍራ በወረዱ ቁጥር ይደውላሉ፤ ዋና የማያውቁት ሁለት አባቶች ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ይከብባሉ። አራተኛው በዓለት መካከል የተቆፈረ የሚመስል ሰማያዊ ጉድጓድ ነው። ዱካሞ ስለ እርሱ በሰማ ጊዜ ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ፤ ልጁም «አባዬ፣ ብቻችንን አንወርድም፤ ሕጉ ሁለት ሁለት ነው» ብሎ አጽናናው። ሰባተኛው ሆን ተብሎ የሰመጠ መርከብ ነው። «ደህናውን መርከብ አስምጠው ይበሉበታል፤ እኛ ይኸው ዳቦ እንሸጣለን» ብሎ ሸረፈዲን የሳቀው ያን ቀን ነው። ዘጠነኛው ከገደል ሥር ገብቶ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚወጣ ዋሻ ነው። ጁነይድ የቀረው እዚያ ነው። ዘጠነኛው ገና አልተከበበም ነበር።

በማግስቱ ዱካሞ ሚዛን ልዋስ ብሎ ወደ ሸረፈዲን ሱቅ ሄደ። ሚዛን ነበረው። ዓይኑ ግን ከካርታው አልነቀል አለ። ሸረፈዲንም ይህን ልብ አለ።

በሦስተኛው ቀን ካርታውን የጅምላ አከፋፋይ ካላንደር ሸፍኖት አገኘ።

«ካርታው የት ሄደ?»

«ከሥሩ አለ። ቀኑ ጠፋብኝ እኮ፤ ከተዘጋን ወዲህ ማክሰኞውም እሑድ ሆነብኝ» አለ ሸረፈዲን ፊቱን አዙሮ።

የአባት ልብ ሳይነገረው ያውቃል፣ አለ ዱካሞ በልቡ።

ከዚያ ወዲህ የሸረፈዲን ጠባይ ተለወጠ። በቀን ሁለት ጊዜ መንገዱን ወርዶ ወደ ዱካሞ ሱቅ ይመጣል። አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ክብሪት ይገዛል፤ በራሱ ሱቅ ጨው በካርቶን ተቆልሏል። እርሱ እየጾመ ለዱካሞ በፌስታል ሳምቡሳ ይዞለት ይመጣል።

«ብላ እንጂ። የስኳር መድኃኒትህንስ ወሰድህ?»

«ሚስቴ ነህ እንዴ?»

«ሚስትህ ብሆን ይህን ሱቅ ጠርገህ ታድር ነበር።»

ሳቁ። ሳቁን ቀድሞ ያቋረጠው ሸረፈዲን ነው።

ዱካሞ ስለ ጁነይድ መጠየቁ ጭካኔ ሆነበት፤ አለመጠየቁ ግን ያስነቃል። ጠየቀ።

«ስልኩ ባሕር ውስጥ ወድቆበታል። አቶ ሽጉጤ ናቸው ያጣሩልኝ» አለ ሸረፈዲን። «ያንተስ?»

«ኳራንቲን ነው።»

«አዎን። ኳራንቲን ነው።»

ዱካሞ የአቶ ሽጉጤን ብልሃት አደነቀ። ውሸቱ ቀላል በመሆኑ እውነት ይመስላል።

ሦስት ጊዜ ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዳቦ ዋጋ አወራ። በአራተኛው ሳምንት ለአቶ ሽጉጤ ደወለ።

«አልቻልሁም። ነጋ ጠባ ዓይኑን እያየሁ እዋሸዋለሁ። ልንገረውና ይውጣልኝ።»

«ጾሙ ይለፍ፤ እገዳውም ይላላ። ብቻህን ነግረኸው ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?» አሉ። «አንተስ ራስህ በእግርህ ትቆማለህ?»

በግንቦት መጨረሻ ለአምልኮ እስከ ሃምሳ ሰው መሰብሰብ ተፈቀደ። አቶ ሽጉጤ ቀኑን ቆረጡ። «ስድስት ሰዎች ከደጅህ ይደርሳሉ። ከእነርሱ ጋር ተነሣ። የቀሩት በወዲያ በኩል ይመጣሉ፤ መካከል ላይ ትገናኛላችሁ።»

ጎህ ሳይቀድ ስድስት ሰዎች ጭምብል አድርገው በዱካሞ በር ቆሙ። ዱካሞ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የሚናገረውን ቃል በልቡ እየደጋገመ ሽቅብ መንገዱን ጀመረ። ከሰዎቹ ሁለቱ ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። መንገዱ ላይ አመዳይ ስለ ወረደ ነው ብሎ አሰበ።

በታክሲ ፌርማታው አጠገብ አቶ ሽጉጤ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ቀና ብለው አላዩትም። ከላይ በኩል ሌሎች ሰባት ሰዎች ጭምብል አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ከእነርሱም መካከል ሁለቱ የአንዱን ክንድ ይዘዋል።

ክንዱ የተያዘው ሰው ቀና አለ።

«ዱካሞ፣ ለምን ወጣህ?» አለ ሸረፈዲን። «እኛ እኮ ወደ አንተ ቤት እየመጣን ነው።»

ዱካሞ ግራና ቀኝ ክንዱን የያዙትን እጆች አየ፤ የልጁም ቃል ትዝ አለው፦ «ሕጉ ሁለት ሁለት ነው።»