አባባ ጫማቸውን ያላወለቁበት ቀን

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳትፈርዱብኝ። ትናንት ሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ይሄ ከበሮ የኛ አይደለም!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። እኔ! አምና ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምልበት ድምፅ አጥቼ እጄን ብቻ አወጣ የነበርኩት። ክፍል ውስጥ «ሹክሹክታ» ነበር የሚሉኝ። ዘንድሮ በክርክር ውድድር አንደኛ ወጣሁና አፌን የሚዘጋው ጠፋ።

ከበሮው የወገኖቻችን ነው። አያቴ አባባ ገና ሳይወለዱ የመንግሥት ሰዎች መጥተው «ለሙዚየም ይፈለጋል» ብለው ከቅድመ አያቴ እጅ ወሰዱት። ለኛ ከበሮው እንደ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ባለበት ማንም በጫማ አይቆምም። ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሙዚየሙ «ኑና ውሰዱ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። አባባ ግን «ይቆይ፣ ምን አስቸኮለን» ሲሉ ከረሙ። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ደውሎ «እንግዲያው እኛው ጋ ይቀመጥ፤ አዲስ የመጣ የምርመራ መሣሪያ ስላለን እናየዋለን» ሲል ግን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ማሽን ውስጥ? አይሆንም! በቶሎ እናምጣው!»

አንጀቴን በሉት።

ትናንት ጠዋት አባባ፣ አክስቴና እኔ በአክስቴ ፒክአፕ ሄድን። ሽንት ቤት ስፈልግ ተሳስቼ በጥገና ክፍሉ በኩል አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠጋኟ ሴትዮ ጓንት አጥልቃ፣ ቀጭን ብሩሽ ይዛ ከበሮው ላይ አጎንብሳለች። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ትስቃለች።

«ልዩነቱን ማንም አያውቅም! ባለቤቶቹ ራሳቸው አያውቁትም!»

ክው አልኩ። ለውጠውታል ማለት ነው። አስመስለው ሠርተው ሊያሸክሙን ነው!

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳይሬክተሩ ጨርቁን ገለጠ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ የአባባን ፊት ነበር የማየው። አላለቀሱም። ጎንበስም አላሉ። ጫማቸውን እንዳደረጉ ቀጥ ብለው ሄደው ከበሮው አጠገብ ቆሙ። አክስቴም በተረከዝ ጫማዋ ቀጭ ቀጭ እያለች ተከተለቻቸው።

አወቁ! የሐሰት መሆኑን አይተው፣ አፍረው ዝም አሉ! አፌ ቀድሞኝ ተከፈተ።

«ይሄ ከበሮ የኛ አይደለም! እሷ ናት የለወጠችው! ስትናገር ሰምቻለሁ!»

ጠጋኟ ደነገጠች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ አመለጣት። ባትሪ አብርታ ወደ ከበሮው ሆድ ጎትታ ወሰደችኝ።

«እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበረበት፣ እህቴ። ስጠግነው ከረምኩ። ታየሽ?»

አልታየኝም። ማንም አያየውም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ ግን አንደኛ የወጣሁ ተከራካሪ ነኝ።

«ታዲያ አባባ ለምን ጫማቸውን አላወለቁም? ይመርመር! የእንጨቱ ዕድሜ ይታወቅ!»

ዳይሬክተሩ ፊቱ በራ። «እውነቷን ነው! መሣሪያው እዚሁ ታች ነው። ከበሮው ትንሽ እኛ ጋ ይሰንብት፤ ከዚያ...»

አክስቴ ክንዴን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፣ አንቺ ልጅ!»

አባባ በላብ ተጠመቁ። «የለም ጌታዬ፣ የለም!» ብለው መሬት ላይ ዘፍ አሉና ጫማቸውን ይታገሉት ጀመር። «እርጅና ነው! ረስቼው ነው! የኛ ነው፣ የኛው ነው!» ጫማው ወለቀ። በካልሲያቸው ቀዳዳ አውራ ጣታቸው ብቅ አለ። አክስቴ ተረከዝ ጫማዋን ስትወረውረው ዳይሬክተሩ እግር ሥር አረፈ። ዳይሬክተሩም አወለቀ፤ አንዱ ካልሲው ሰማያዊ፣ ሌላው ቡኒ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ አወለቀ። ጭብጨባ፣ ሳቅ፣ የእግር ሽታ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሃል አባባ ፈርመው ጨረሱ።

ከበሮውን ፒክአፑ ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር አስረን ወጣን። ሙዚየሙ ከዓይናችን እንደተሰወረ አባባና አክስቴ ተያዩና ሳቁ። ምን ሳቁ ብቻ! አክስቴ መንዳት አቅቷት ዳር ያዘች።

«ልጅቷ ልትጨርሰን ነበር እኮ!»

«ሹክሹክታ ሆና ብትቀር ምን ነበረበት!» አሉ አባባ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ይቅርታ፣ አባባ። የሚያታልሉን መስሎኝ ነው።»

ጭንቅላቴን አሻሹኝ። «ደፍረሽ መናገሩን ችለሽበታል። እንግዲህ ዝም ማለቱንም እናስተምርሽ። ጠዋት ሥራ አለሽ፣ እንዳታረፍጂ።»

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር፣ አባባ ከአልጋቸው ሥር ጎትተው ያወጡትን፣ ተሠርቶ ካለቀ ጀምሮ ከቤታችን ወጥቶ የማያውቀውን ዋናውን ከበሮ ዘይት መቀባት ነበር።