የአውሮፕላኑ ጭነት

ዓርብ ጧት ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ባለ አንድ ሞተር የጭነት አውሮፕላን እንደ ጭልፊት ቀልሎ ሽቅብ ወጣ። ወዲያው ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። አውሮፕላኑ በወይዘሮ የብርጓል የጤፍ ማሳ ላይ በሆዱ ተንሸራቶ ቆመ።

ቀድሞ የደረሰው አበባው ነበር። አበባው ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት አንዲት ፍየል ሰርቆ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ መርፌ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። አብራሪውን ጎትቶ አወጣው። ሰውየው በሕይወት አለ፤ መንጋጋው ግን ተሰብሮ መናገር አቅቶታል።

ፖሊሱ አንሙት ከከተማ መጥቶ በደብተሩ «የጭነት አውሮፕላን» ብሎ ጻፈ። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና፣

«ጭነቱስ?» አለ።

«እኔ ስገባ ከገመድና ከመረብ በቀር ምንም አልነበረም» አለ አበባው።

«ታዲያ ሰማይ የወጣው ገመድ ሊያናፍስ ነው?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። ሰዉ ሳቀ።

አንሙት «ጭነቱ እስከ እሑድ ካልተገኘ አበባውን ይዤ እሄዳለሁ» ብሎ ቁስለኛውን ወደ ሆስፒታል ወሰደ።

ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ ምናለ አውጫጭኝ ጠራ። መንደርተኛው ከወይራው ሥር ተቀምጦ በተራ እየማለ ያየውንና የሰማውን ተናገረ። ሰባ ሁለት ሰው ማለ። ሰባ አንዱ አበባውን ጠረጠረ። ሰባ ሁለተኛው ራሱ አበባው ነበር።

መጠርጠር ግን ማየት አይደለምና አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

«የሰው ገንዘብ የደበቀ፣ ነገ ከቅዳሴ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያኑር። ያላኖረ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን። ገዝቻለሁ።»

«አባ፣ ምንም ያላነሣ ሰውስ ምን ያምጣ?» አለ አበባው።

«ያላነሣማ ምን አስጨነቀው፣ ልጄ?»

እሑድ ጧት ደጁ ላይ የቁይ ገበያ የቆመ መሰለ። ወይዘሮ የብርጓል ጎረቤታቸው ስድስት ዓመት የፈለገውን ማረሻ አምጥተዋል። ምናለ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ ምላሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧል። ኮርቻ አለ፤ የጤና ጣቢያ ፍራሽ አለ። አባ ገብረ ሚካኤልም የጎረቤቱን ደብር የወርቅ ዘቦ ጥላ ከክምሩ ኋላ አስደግፈዋል። ማንም የማንንም ዓይን አላየም። ከአውሮፕላን የወረደ የሚመስል ግን አንድም ዕቃ አልነበረም።

ባዶ እጁን የመጣው አበባው ብቻ ነው።

«አያችሁ?» አለ ምናለ። «ሁላችንም ስንመልስ እሱ ምንም አላመጣም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«ግዝት የማይፈራ አረመኔ» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

አበባው ወደ ሚስቱ ዞረ። «በሬዎቹን ወንድሜ ይረስባቸው» አላት።

«እስከ መቼ ልበለው?» አለች ዘመናይ።

«ለፍየሏ ሁለት ዓመት ነበር። ለአውሮፕላን እንጃ።»

አንሙት ደረሰ፤ በአንድ እጁ ካቴና፣ በሌላው የታሸገ ፖስታ ይዟል። አብራሪው መንጋጋው ስለ ታሰረ ቃሉን የሰጠው በጽሑፍ ነው። ምናለ ፖስታውን ተቀብሎ ቀደደና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«ጭነቱን ደብረ ማርቆስ አራግፌ ስነሣ አውሮፕላኑ ባዶ ነበር።»